የላይኛው ፎቅ ዘፈን ገና አልተሰማም

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ መግቢያው ላይ ያስገጠሙት አዲሱ የብረት በርም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ጉልበቴ ቢንቋቋም ደኅና ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በጭላንጭል ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ የልቤን ቀጥተኛነት ይዩልኝ። ደብዳቤዬን በርዎ ላይ የምለጥፈው ጎረቤት እንዲያነበው ነው፤ የቀረ ካለ።

አንደኛ፣ ምድር ቤቱን ሲያስጠርጉ አቧራ የበላው የሙዚቃ ሸክላ አግኝተው «ተረስቶ የነበረ፣ ‹ኒው ዌቭ› የተባለ የሮክ ሙዚቃ አልበም በአስተዳደሩ ጥረት ተገኘ» ብለው ስላበሰሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ ቤት ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ አልጋዬ ሥር አለ። «ዘፋኟ ያልታወቀች» ያሏት ሴት ባለቤቴ ነበረች። በዚሁ ደረጃ ጊታሯን ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ ኖራ፣ አስከሬኗም በዚሁ ወረደ። ላይ ድረስ መጥቶ አንድ ሽማግሌ መጠየቅ ለእርስዎ ክብር ሳያንስ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ አልበሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ታሪክ ነው፤ የአንድ ሕንፃ ታሪክ፣ ለየፎቁ አንድ ዘፈን። ኦርጋኑ የቀዘቀዘ፣ ከበሮው እንደ ሰዓት የማይዛነፍ፣ የእሷ ድምፅ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚጣራ ሰው። በታሪኩ አንድ አስተዳዳሪ ከታች ሆኖ ሙዚቃ ይከፍታል፤ የተዘፈነለት ፎቅ ሰው አልባ ይሆናል። እርስዎም የሁለተኛውን ፎቅ ዘፈን በኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ ባሰሙን ማግስት ሁለተኛ ፎቅ «ልቀቁ» ተባለ። ሦስተኛውም እንዲሁ። የአራተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ «አባባ፣ ዛሬ ለእኔ እየዘፈኑልኝ ነው» ብላኝ ስቀን ነበር። አሁን በሯ በጣውላ ተቸንክሯል። ከጀርባው የስፌት መኪናዋ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ፤ ጆሮዬ አርጅቶ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሊፍቱን ስላስቆሙልኝ አመሰግናለሁ። ደረጃ መውጣት ለልብ ደግ ነው አሉ፤ ልብ ላለው።

ልጄ በስልክ «አባዬ፣ በቃ ውጣና እኔ ጋ ና» ትለኛለች። እሷንም ብያታለሁ፣ እርስዎንም እልዎታለሁ፦ ከዚህ ቤት የምወጣው እናቷ በወጣችበት አኳኋን ብቻ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

እንግዲህ የቀረው የላይኛው ፎቅ ዘፈን ነው፤ የእኔው። እስካሁን ያላሰሙን ለእኔ አዝነው አይደለም፤ የእርስዎ ሸክላ መጨረሻው ላይ ተሰንጥቋል፣ መርፌው እዚያው ሲንተባተብ በድምፅ ማጉያው ሰምቻለሁ። የእኔው ጤነኛ ነው። ባለቤቴ ያን ዘፈን ስትቀዳ የስቱዲዮውን መብራት ሁሉ አስጠፍታ ነበር።

ዕድሜዎ ከዚህ ሕንፃ ዕድሜ እንዳያጥር እየተመኘሁ፣ ከላይ ወደ ታች እጅ የምነሳዎ፣ በሬን ያልቆለፍኩት የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ መጨረሻው እንዳያመልጥዎ ልንገርዎት። በዘፈኑ ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ሽማግሌ አይጠፋም። ሙዚቃውን ከታች የከፈተው ሰውዬ የባዶ ፎቆቹ በሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲከፈቱ ይሰማል፤ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል ራሱ ያስገጠመው የብረት በር አልከፈት ይለዋል። ሸክላዬን አጫውቼ ድምፁን እስከ ጥጉ ከፍቼዋለሁ። ይህን በርዎ ላይ ቆመው እያነበቡ ከሆነ፣ እስቲ የመግቢያውን የብረት በር እጀታ ይሞክሩት።