የሁለተኛ ሙያ ደንብ

ጥቅምት 10
ሁለት ክፍለ ጊዜ አልጀብራ። ከሰዓት ነፃ ነበርኩ። መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ቆርኪ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ስጽፍ ይርጋነሽ መጣች፣ የባዮሎጂዋ።
"ምነው አንቺ፣ ቆርኪ ለቀማ ገባሽ?"
ለጨዋታ ነው አልኳት። አንዱ ጦረኛ ይሆናል፣ አንዱ ጠልሰመኛ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ አዳኝ። ተቀምጠው ዓባይ ሥር ያለ አገር በወሬ ይዞራሉ። ችግር ሲገጥም ከካልሲ ውስጥ ሳያዩ ቆርኪ ማውጣት… ትልቅ ቁጥር ከወጣ ተሳካ፣ ትንሽ ከወጣ ቀረ።
"ተረት ነዋ!"
"ተረት ነው፤ ግን ደንብ አለው።"
ደንቡን የምንጽፈው እኔና ስርጉት ነን። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት። መስከረም ላይ የምትሠራበት ባንክ ሞጣ አዛወራትና አሁን በስልክ ሆነ። የቀረን ከባዱ ነው። አንድ ሰው ሁለት ሙያ ቢፈልግስ? ጦረኛው ጠልሰም መጻፍ ቢያምረው? እኔ ያልኩት፣ ከሚያወጣው ቁጥር ሁሉ ሁለት ይቀነስበት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።
ማታ ለስርጉት ነገርኳት። "ዘሚራም አሪፍ ሐሳብ አላት" አለችኝ።
ዘሚራ ማን ናት?

ጥቅምት 11
የስርጉት አከራይ ልጅ ናት። ጨርቅ ቤት አላቸው። ስርጉት ጨዋታውን አሳየቻት። የእኛን ጨዋታ! ሳትጠይቀኝ።

ጥቅምት 16
አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ጥቅምት 19
ደወለች። የዘሚራን ደንብ ልታስረዳኝ። ሁለተኛ ሙያ ዝም ብሎ አይገኝም፤ አብሮሽ ከተቀመጠ ተጫዋች ለምነሽ ትማሪዋለሽ። እሱም አንድ ተራውን ለአንቺ ይተዋል። እምቢ ካለ… ቀረብሽ።
"ቁጥር መቀነስ ምን ያደርጋል ሰብልዬ? ሰው መለመኑ ራሱ አይበቃም?"
ጥሩ ነው። ምነው ቀሽም በሆነ! እኛ ይሄን ሁሉ ዓመት የተጨነቅንበትን እሷ ጨርቅ እየለካች አሰበችው። እርር ድብን አልኩ። "እስቲ አየዋለሁ" ብዬ ዘጋሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ አልኩ ለራሴ። ወርቅ መሆኑንማ አመንኩ ማለት ነው።
ደግሞ ስርጉት ስታወራ ትስቅ ነበር። እኔ ሳስቃት የምትስቀውን ሳቅ።

ጥቅምት 23
ፎቶ ላከችልኝ። ዘሚራ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የቆርኪ ማውጫ ከረጢት ሰፍታለች። ቀይ። ገመድ ሁሉ አለው።
ካልሲው ምን አጎደለ?

ጥቅምት 27
አባዬ ከቅኔ ቤታቸው መጥተው እራት ላይ ስለ አንድ ተማሪያቸው አወሩኝ። ቅኔ ጨርሶ ዜማ ቤት ሊገባ ነው።
"እዚያማ እንደ መምህር ይቀበሉታል አይደል?" አልኳቸው።
"ማን? ከልጆቹ ኋላ ነው እንጂ የሚቀመጥ! ቅኔ አውቃለሁ ቢል ማን ይሰማዋል? እስኪያስመርቁት አፉን ይይዛል።"
እጄን ሳልታጠብ ጻፍኩት። ሁለተኛ ሙያ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ይዘጋበታል። አስተማሪው "ተመርቀሃል" እስኪለው ድረስ። እስቲ አሁን ማን ይማራል! ነጋዴዋ ዘሚራ ሜትሯን አስቀምጣ ከልጆች ኋላ ትቀመጥ እስቲ።
ለስርጉት ላክሁላት። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩበት። እስከ ዛሬ ደንብ ላይ ስም ጽፈን አናውቅም።

ኅዳር 3
"ዘሚራ ደንብሽን ወደደችው" አለችኝ።
ወደደችው?

ኅዳር 17
ስርጉት ቅዳሜ ነይ ትላለች። ሦስታችን ተቀምጠን እንሞክረው። መንገዱም ሰላም ነው አሉ። ልሂድ? ካልሄድኩ ሁለቱ ይጫወታሉ…
እሄዳለሁ።

ኅዳር 20
ሞጣ ደርሼ መጣሁ።
ዘሚራን ረጅም አድርጌ ነበር የሳልኳት። አጭር ናት። ደስ አለኝ። ጾም ላይ መሆናችንን አስባ ቆሎና ሻይ ብቻ አቀረበች። እንከን እየፈለግሁ ነበርና ይሄም አናደደኝ። ቀዩ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ካልሲዬን ከቦርሳ አላወጣሁም።
አጫዋቿ ስርጉት፤ መንገዱንና ችግሩን የምታወጣው እሷ ናት። እኔ ጠልሰመኛ፣ ዘሚራ ነጋዴ። ስርጉት ወዴት ብትወስደን ጥሩ ነው? ጠልሰም የማይሠራበት ገበያ! ሁሉም በየራሱ አፍ ተከራክሮ ዕቃ ካልገዛ መውጫ በሩ አይከፈትለትም። ሆን ብላ ነው። ዓይኗ ያስታውቃል።
አንድ እፍኝ ቆሎ ቆረጠምኩ። ከዚያ… "አስተምሪኝ" አልኩ። ለዘሚራ። ወዲያው ጠልሰሜ ተዘጋ፣ በገዛ ደንቤ።
ዘሚራ አልሳቀችም። ተራዋን ተወችልኝ። "የፈለግሽውን ዕቃ መጀመሪያ እንዳታዪው። ሌላውን አንሺና ዋጋ ጠይቂ።" ይሄንንማ ከሱቃቸው ነው ያመጣችው። ከረጢቱ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ሦስት። ቀለጥኩ።
"ተመረቅኩ?"
"ኧረ ገና ነሽ፣ ወላሂ!"
እንደገና። አሥራ ሰባት! በሩ ተከፈተ። "አሁን ተመርቀሻል" አለች። ሦስታችንም ጮህን፤ የዘሚራ እናት "ምን ሆናችሁ?" እያሉ መጡ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጫውተን አናውቅም።
ስወጣ እስከ መናኸሪያ የሸኘችኝ ዘሚራ ናት፤ ስርጉት ከቤተሰቧ ስልክ ተደውሎላት ቀረች። "የእኔ ደንብ ብቻውን ቀልድ ነበር" አለችኝ። "ያንቺ ነው ክብደት የሰጠው። ካልተዘጋብሽ ከልብሽ ትማሪያለሽ?"
ስልክ ቁጥሯን ያዝኩ። ልጠላት ነበር እኮ የሄድኩት።

ኅዳር 24
ዘሚራ ደወለች። አስተማሪው ክፉ ቢሆንስ? ላለማስመረቅ ቢያጓትትስ? ስናወራ ካርዷ አለቀ። መልሼ ደወልኩ።

ኅዳር 26
ዛሬም። የአዳኙን ደንብ ጨረስነው። ለስርጉት እንንገራት አልን… ነገ።

ኅዳር 29
ስርጉት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።
"ስልክሽ ሁልጊዜ ተይዟል። የእሷም ተይዟል።"
"ስለ ደንቡ እኮ ነው…"
"የአዳኙን ጨረሳችሁት አሉ።"
"ልንነግርሽ ነበር።"
"እህ።" ዘጋችው።
ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ቅመሺው! አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ግን ያንን "እህ" አውቀዋለሁ፤ ጥቅምትን ሙሉ እኔ ነኝ ስለው የከረምኩት።
ደወልኩ። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ምንድን ነው የምላት? ስለ አዳኙ ላስረዳት አሰብኩ። ሁለተኛ ሙያው እንዴት እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት…
አነሳች።
"ምን ፈለግሽ?"
"ናፈቅሽኝ" አልኳት። "ከሄድሽ ጀምሮ።"
አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል።
"አንቺ ሴትዮ" አለችኝ፣ "ይቺን ለማለት ነው ይሄን ሁሉ ደንብ የጻፍሽው?"