ከእኔ ጋር የምትመዘነው ጣውላ

ይድረስ ለጤና ጣቢያችን የአመጋገብ ምክር ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ፤ ጤናዎ የሰነበተው ለእኛ ያዘዙትን እርስዎ ስላልበሉት እንደሆነ ባውቅም፣ እንዲያው ይሰንብትልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነውና የጽሑፌን ጉድለት ይለፉኝ። ሚዛን ግን በእህል መጋዘን ቆሜ አርባ ዓመት ያነበብኩ ሰው ነኝ።

እንደሚያስታውሱት፣ ቀኝ ጉልበቴ በቀዶ ጥገና እንዲጠገን ክብደቴ ከሰማንያ ኪሎ በታች ይውረድ ብለዋል፤ ቀዶ ሐኪሙም የሚመጣው በዓመት ሁለቴ ብቻ፣ አንዱም በዚህ ወር ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን የምኖርባት ቤቴ የምትገኘው ሃያ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ ነው። ጉልበቴ በዚህ ወር ካልተጠገነ ልጄ ወደ እሷ ቤት ልትወስደኝ፣ ልብስ ከምትተኩስበት ክፍል አልጋ አንጥፋ ጨርሳለች። መልካም ልጅ ናት። እኔ ግን ከቤቴ ለመውጣት ያሰብኩት አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ታዘዝኩት በላሁ፤ ምስጋናዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ “እስኪጠግቡ ቢበሉ የማያወፍሩ ምግቦች” ብለው ስለሰጡኝ ወረቀት አመሰግናለሁ። ልጄ አነበበችልኝ፦ ኪያር፣ ሰላጣ፣ የእንቁላል ነጩ ብቻ፣ ያለ ጨውና ያለ ዘይት የተቀቀለ ዝኩኒ። እስኪጠግቡ የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዝኩኒውን በማንኪያ ሳነሳው እንደ ጉንፋናም ልጅ ንፍጥ ይዝለገለጋል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስውጠው መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል።

፪ኛ፦ የሾርባ ቅጠል ግንድ ለማኘክ የሚወጣው ጉልበት ከሚገኘው ይበልጣል ብለው ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው። ክሩ በሰው ሠራሽ ጥርሴ እንደ ጆንያ ስፌት ተጠላልፎ፣ ጥርሴን አውጥቼ በመቀስ ነው ያላቀቅሁት።

፫ኛ፦ ማታ ማታ እንድጠጣ ስላዘዙኝ የጥቅል ጎመን ውኃ እኔ አልጽፍም፤ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ።

፬ኛ፦ ታካሚዎች የሚዛኑ ብረት እግር ያቀዘቅዛል ብለው ቢያጉረመርሙ፣ እርስዎ በርኅራኄዎ ምንጣፍ የለበሰች ወፍራም ጣውላ በላዩ ላይ በብሎን አሳስረውልናል። እግራችን ሞቀ፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ማንም ሳይወጣበት መርፌው ሦስት ኪሎ ላይ ይቆማል። እኛ መጋዘን ባዶውን ሚዛን ለባለ እህሉ ሳናሳይ አንድ ጆንያ አንጭንም ነበር፤ ያን ያላሳየ መዛኝ ሌባ ይባል ነበርና። ይህንኑ ለምትመዝነን ነርስ ባመለክት “አባባ፣ መርፌውን ለእኛ ይተዉልን፤ ይልቅ ተደብቀው የሚቀምሱትን ይተዉ” ብላኝ ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀብኝ። እያነከስኩ እርስዎ ቢሮ ድረስ ብመጣም “አባታችን ኪያሩ ሰልችቷቸዋል መሰለኝ” ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሸኙኝ። ማክሰኞ ዕለት ካርዴ ላይ ሰማንያ ሁለት ተጻፈ፤ የቀዶ ጥገና ወረፋዬም ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ታዘዘ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሰባ ዘጠኝ ኪሎ ነኝ። ሦስቱ ኪሎ ጣውላዋ ናት፤ እርሷ ደግሞ ኪያር ስለማትበላ አትከሳም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስታስለቅሙኝ ሦስት ወር አለፈ፤ አንገሸገሸኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጣውላዋ ተፈትታ፣ ባዶው ሚዛን ለተሰለፈው ሁሉ ታይቶ እንድመዘንና ወረፋዬ እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የብሎን መፍቻ ከሌላችሁ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ለዝኩኒዎም ለምንጣፍዎም ጎንበስ ብዬ እጅ ልነሣ ይገባኝ ነበር፤ ጎንበስ ካልኩ ጉልበቴ ስለማያነሣኝ ከተቀመጥኩበት የምሰናበትዎ፣

ጡረተኛው እህል መዛኝ

ማስታወሻ፦ ከእኔ ቀጥላ የተመዘነችው ልብስ አጣቢ በሳንባ ሕመም አጥንቷ የቀረ ሴት ናት። ጣውላዋ ሳትመጣ በፊት ሠላሳ ዘጠኝ ነበረች፤ ማክሰኞ ዕለት አርባ አንድ ሆነች። ነርሷም “እሰይ፣ ወፈርሽልኝ” ብላ የዱቄት ወተቷን ከካርዷ ሰረዘችባት። ከአርባ አንድ ሦስት ሲነሣ ስንት እንደሚቀር፣ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ተምረዋል።