ቀዳዳውን ለጋረደልን ባነር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ታዲዎስ፣
የሰፈራችን የወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በስብሰባ ብዛት የደከመው ወገብዎስ? እኔ ልብስ ሰፊዋ እጸገነት፣ ዓይኔ ክር በመርፌ ማስገባት እንቢ ከማለቱ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ውለታዎ በዝቶብኝ በቁጥር ለማስቀመጥ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ከፈረሱት ቤቶች ፊት ለፊት ያለው የቆርቆሮ አጥር ተቀዷል፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚያ እየሾለኩ ጋንጃ ያጨሳሉ ብለን ሰባት እናቶች አመልክተን ነበር። እርስዎም ጊዜ ሳያጠፉ፣ በአምስት ወር ውስጥ ብቻ፣ «ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዳ ትውልድ!» የሚል የጨርቅ ባነር ልከው ልክ ቀዳዳው ላይ አሰቀሉልን። ቆርቆሮና ምስማር መላክ ማንም ያውቃል፤ ለቀዳዳ መጋረጃ መስቀል ግን የተማረ ሰው ይፈልጋል። ልጆቹ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ይገባሉ፤ ጨዋዎች ስለሆኑም ከኋላቸው መልሰው ይጋርዱታል። ድሮ መንገደኛ ስለሚያያቸው ያፍሩ ነበር፤ አሁን ያ ሁሉ ችግር ተቃሏል።

2ኛ. ስብሰባውንም አልረሳሁም። «ዕፅ አገር ያፈርሳል» እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሩን፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ፣ እኛ ሃምሳን ያለፍን ሴቶች ላለማጨስ ቃል ገብተን ወጣን። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሳምራ እጇን ብታወጣ ሰዓት አልቋል ተባለች። ስለዚህ በር ላይ ቆማ ነገረችን፦ የሰው አንጎል እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ገና ግንባታ ላይ ነው፤ መጨረሻ የሚያልቀው ደግሞ የፊተኛው፣ «ቆይ፣ ላስብበት» የሚለው ክፍል ነው። በዚህ ዕድሜ ደጋግሞ ያጨሰ ልጅ ማስታወሱና ልብ ብሎ መስማቱ ይጎዳበታል፤ አንዳንዱም የሌለ ድምፅ እስከ መስማት ይደርሳል፤ ቶሎ ካቆመ ግን ተስፋ አለው። ማለቴ፣ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አይረገጥም ነው ነገሩ። ይህን በእኛ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ እያንዳንዱ ጅምር ሕንፃ እኮ ዘበኛ አለው።

3ኛ. ከልጆቼ አንዷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሟን ለጊዜው ረስቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። የደንበኞቼን ልክ፣ የወገቡን የትከሻውን፣ ደብተር ሳትገልጥ በቃሏ ትነግረኝ የነበረች ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ነጭ ክር ግዢ ብዬ ላክኋት፤ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ጋ ደርሳ ደወለችና «እማ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?» አለች። ደግሜ ነገርኳት። ዚፕ ይዛ መጣች። ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት አልዋሸችኝም፤ «ከውጭ እኮ ምንም አይታይም እማ፣ ጠርዙን አሳምረሽ ነው የሰፋሽው» አለችኝ።

አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ የባነሩን ጠርዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከቢሮዎ ሲመጣልኝ ነፋስ እንዳይገልጠው ብዬ ድርብ አድርጌ ሰፋሁት። በቃ፣ ኮርቼበትም ነበር።

4ኛ. ልጄን ለሕክምና የት ልውሰዳት ብዬ ቢሮዎ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ ለፖሊስ የሚተላለፍ ነው ብለው ስሟን ጠየቁኝ። ለትጋታቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ስሟ የጠፋኝ ያን ጊዜ ነው፤ መርሳት ቤታችን ገብቷል ብዬዎት የለ?

ልመናዬ ትንሽ ናት፦ ለአጥሩ ሦስት ቅጠል ቆርቆሮ፣ ለሲስተር ሳምራ ደግሞ ልጆቹ ባሉበት ግማሽ ሰዓት። ልጄን ወደ እርሷ መውሰዱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ጀምረነዋል።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ መስኮትዎንም ወደ አጥሩ ያዙርልዎ እያልኩ፣ ስፌቱን አሳምራ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ የቀረችው ታዛዥዎ፣

እጸገነት ጎይቶም

ማስታወሻ፦ ባነሩን ትናንት ጠዋት አውርጄዋለሁ፤ መሰላሉን የያዘችልኝ ስሟ የጠፋኝ ልጄ ናት። የመንግሥት ንብረት ቆሽሾ አይመለስም ብዬ በፈላ ውኃና በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት። መፈክሩ ለቋል። የጭሱ ሽታ ግን እንቢ ብሏል።