ቆሞ የሚቀበለኝ የርቀት ተማሪ

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
ሚያዝያ 12

ለአንድ ዴስክ ጓደኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አከም ጅርታ? ጤናሽስ? ቀኑን ሙሉ ስፌት ማሽን ላይ አጎንብሰሽ የምትውይበት ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እናንተ ከተማ፣ የቡ፣ ዝናብ ጀመረ ሲሉ ሰምቼ፣ መንገዱ ሳይበላሽ ይድረስሽ ብዬ ነው የቸኮልኩት። እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ። ጨጓራዬን ያስነሳብኝ ደግሞ ያንቺ ቤት ነው።

ለምን አልደወለችም አትበይ። በስልክ ብጠይቅሽ ስቀሽ ታልፊኛለሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። የእህቴ ልጅ ሰሊማ ይህን ወረቀት በእጅሽ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ አስምያታለሁ።

ነገሩ የልጅሽ የልዑልቃል ነው። ኅዳር ላይ ከቡና መኪና ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ ዓመቱ እንዳያመልጠው ብዬ ዳይሬክተራችንን ለምኜ ያቺን ሮቦት ያሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ መጥተው የገጠሙልን ዕለት አይተሻታል፤ ጎማ ላይ የቆመች ዘንግ፣ አናቷ ላይ ታብሌት። እሱ የቡ ተኝቶ በስልክሽ ይነዳታል፣ ፊቱ እዚህ ዘጠነኛ ክፍላችን ውስጥ ይታያል። አርባ ሁለት ልጅ በእግሩ፣ አንድ ልጅ በጎማ። መጀመሪያ ልጆቹ ይሻሙባት ነበር፤ አሁን ለምደዋት ቦርሳ ያንጠለጥሉባታል።

እስከ ጥር መጨረሻ ፊቱን እናይ ነበር። ከዚያ የስልኩ ካሜራ ተበላሸ ተባለ። ድምፁም ጠፋ። በፊቱ ፋንታ ፎቶው ተለጥፎ መልሱ በጽሑፍ ብቻ ይመጣል። እሺ፣ ስልክ ይበላሻል። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ፈተና ያረምኩ ሴት ነኝ።

ስሚኝ ማሎ፣ እባክሽ። ሮቦቷ አንገቷን ከፍ የምታደርግበት ቁልፍ አላት። እኔ ስገባ ሌሎቹ ሲነሱ ልዑልቃል አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም፤ ይቅርታ አድርጊልኝና ልጅሽ ሰነፍ ነው። ከየካቲት ወዲህ ግን እግሬ ደፉን ሳይረግጥ ሮቦቷ ብድግ ትላለች። ተቀመጡ እስክል ድረስም ዝቅ አትልም። የዛሬ ልጅ እንዲህ አያደርግም።

በገበያ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ኔትወርክ የለም ይላል። ባለፈው ወር ድምፁ በስህተት ተከፈተና የስፌት ማሽን ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አብነት የምትባል ምላሰኛ ተማሪዬ፣ እግሩ ተሰብሮ ፔዳል ይረግጣል እንዴ ብላ ክፍሉን አሳቀችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክፉ ነገር ነው፤ አልደብቅሽም። በቦታው ሌላ ሰው አስቀምጦ ከተማ ይዞራል ብዬ ነበር። በኋላ ሾፌራችን ዳባ፣ የካቲት ላይ ሆሳዕና መናኸሪያ እንዳየው ነገረኝ። ሻንጣ ይዞ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ከሦስት ጎረምሶች ጋር የሞያሌ መንገድ ሲጠይቅ። ከሞያሌ ወዲያ ወዴት እንደሚኬድ አንቺም እኔም እናውቃለን። ስንቱ ጎረቤታችን ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጥቶ ቀርቷል! አባቱ ካረፈ ወዲህ ያለሽ እሱ ብቻ ነው። ይህን በሆድሽ ይዘሽ ብቻሽን ከረምሽ? ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ? በጣም አዝኜብሻለሁ።

ታዲያ ሮቦቷን የሚነዳት ማን ነው? ተመልሶ ሲመጣ ቦታው ተይዞ እንዲጠብቀው ያሰበ ሰው አለ ብዬ ገመትኩ። ይህንንስ እናት ታደርገዋለች። ግን ቦታ የሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ ከክፍል በኋላ ቀርቶ መምህር አያደርቅም። ይኼኛው ያደርቃል። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ፣ በዜሮ ማካፈል ለምን እንደማይቻል ጠየቀኝ፤ አይቻልም መባሉ ብቻ እንደማይበቃውም ጻፈልኝ። ባለፈው ፈተና ደግሞ እያንዳንዱን ጥያቄ ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ እየሄደ አረጋግጧል። እንደዚያ አድርገው አንቺንና እኔን ያስተማሩን ጋሽ ዘርሁን ብቻ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልዑልቃል ሳይወለድ ነው የሞቱት።

እና ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። እስቲ አሁን ማን ወጣ ልበል?

ዳይሬክተሩ አቶ ዋቅጋሪም ጠርጥረዋል። ሰኞ የርቀት ተማሪ ሁሉ መታወቂያ ይዞ ፊቱን እንዲያሳይ አዘዋል። ያላሳየ ይሰረዛል፣ ሮቦቷም ለሌላ ትሰጣለች። እኔ ደግሞ ልዑልቃል ነው ብዬ አልፈርምም። ወላሂ አልፈርምም።

አንቺ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ወር ተምረሽ፣ አባትሽ ሲሞቱ መቀስና ሜትር ይዘሽ ቀረሽ። እኔ ቀጠልኩ። ሰው ሁሉ እኔን፣ ሳሊሀ ጎበዝ ነበረች ይለኛል። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስንፈተን ማን ከማን ኋላ እንደተቀመጠ፣ የማን አንገት ረጅም እንደነበረ ግን አንቺና አላህ ታውቃላችሁ። ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፍም።

ስለ ልጁ፣ ዳባ የሆሳዕና ሾፌሮችን እያጠያየቀ ነው። አንቺ በጸሎትሽ፣ እኔ በሶላቴ እንያዘው። የሰው አገር አይብላብሽ፣ ድምፁን ያሰማሽ፣ በደጅሽ በጤና ያቁምልሽ። አሜን በይ።

ከዚህ ጋር አጥፌ የላክሁልሽ የርቀት ተማሪ መመዝገቢያ ቅጽ ነው። ክፍል የሚለው ላይ ዘጠነኛ ብዬ ሞልቼዋለሁ። የዕድሜ ገደብ እንደሌለው አቶ ዋቅጋሪን በዘዴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስም የሚለውን ክፍት ትቼዋለሁ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ለሰሊማ ስጫት፤ የልዑልቃልን አይደለም።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ስም እጠራለሁ። አቤት በይኝ።

የአንድ ዴስክ ጓደኛሽ