መኖ ያልከው ምግብ

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ሥጋ ቤትህስ፣ እግርህስ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይቺን «ደህና ነኝ» ደግመህ አንብባት፤ እንድትቆረቁርህ ብዬ ነው የጻፍኳት።

ሚስትህ እኔ ዘንድ መጥታለች። የእግርህ አውራ ጣት አብጦ ጫማ እምቢ እንዳለህ፣ ሐኪሙ ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ቀንስ እንዳለህ፣ አንተ ግን ያለ ሥጋ ምን ይበላል እያልክ እንደምትጮህባት ነገረችኝ። ምን እንደማበስል ልታይ ነው አመጣጧ። ልዋሽህ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ማድ ቤት ገብቼ ሳቅሁ።

አንተ ቤት ሳለሁ፣ ትልቁ አንጀቴ ቆስሎ ሲያሰቃየኝ የምታክመኝ ሐኪም ያለችኝን ነግሬህ ነበር። ሆዳችን ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ተህዋስያን፣ ባቄላና ምስሩን፣ ቅጠላ ቅጠሉን ስናበላቸው፣ እኛ መፍጨት የማንችለውን ፋይበር የሚሉትን አብላልተው የአንጀትን ብግነት የሚያበርድ ነገር ይሠራሉ አለችኝ። መድኃኒቱን ሳላቋርጥ፣ ቀስ በቀስ እንድለምደው መከረችኝ። አንተ ግን የፍየል መኖ ቤቴ አይገባም አልክ። በእንግዶችህ ፊት ደግሞ ይቺ ሴት ያገባችው ሽንት ቤቱን ነው ብለህ አሳቅህብኝ። በሳምንቱ ሻንጣዬን በረንዳ ላይ አገኘሁት። ያን ቀን አንጀቴን ያሳረረው በሽታው ብቻ አልነበረም።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ሚስትህን አሳስቼ መላክ እችል ነበር። ግን መኖ ያልከውን በየቀኑ፣ ከሰቀልከው ሥጋ ሥር ተቀምጠህ ስታላምጥ ከማሰብ የበለጠ በቀል ከየት ይመጣል? አንድም ሳልደብቅ አስተማርኳት።

ባቄላው ሲንተከተክ ስለ አንተ መጠየቋን ተወች። እትዬ፣ የአንጀቱ ሕመም አንቺን ሲጀምርሽ እንዴት ነበር አለችኝ። ቀጥላ ሽንት ቤቱ የት ነው አለች። ገብታ ብዙ ቆየች፤ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍታው ነበር። አንተ ቤት ሳለሁ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። ስትወጣ አቀፍኳት።

አሁን አጠገቤ ናት። የጻፍኩትን አንብባ፣ ላኪለት ብላኛለች። ነገ እኔን ያከመችኝ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ለእራት አትጠብቃት፤ ምስር እንደሆነ ቶሎ ይበስላል፣ ራስህ ቀቅል።

እግርህን ይማርልህ። ዕድሜህንም ያርዝመው፤ አደራ፣ በጣም ያርዝመው።

የመጀመሪያዋ ሚስትህ