ከመጋረጃው ጀርባ «ቦ-አት»

ኅዳር 3፣ ከሰዓት
እንደገና ai። rain ሬይን። tail ቴይል። ሁለት አናባቢ ሲጎራበቱ የመጀመሪያው ይናገራል፣ ሁለተኛው ዝም ይላል። አፌ ግን ሁለቱንም ማስጮህ ይወዳል። ማስታወሻዬ፣ ፈርቻለሁ። የኬጂዋ ኃላፊ በወሩ መጨረሻ ታስነብበኛለች። ካልቻልኩ የአስተማሪ ረዳትነት ሥራዬም ይቀራል።

መጽሐፉ የአማቴ ነው፤ ከገጠር ቤቷ ከገረሴ ስናመጣት በሣጥኗ ውስጥ ነበር። ሽፋን የለውም። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ዓምና ከመጣች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም።

ኅዳር 5
rain አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ሬይን»።
ውጭ የሚጫወቱ ልጆች መሰሉኝ። ወጣሁ። ግቢው ባዶ።
ለባሌ ለማቴ ነገርኩት። ሳቀ። እማ እንኳን እንግሊዝኛ አማርኛውም የገበያ ነው አለ።

ኅዳር 6፣ 9 ሰዓት
ዛሬ አማቴ ቀደመችኝ። ገጹን ጨርሼ ገና ሳልገልጥ፣ «ቦ-አት» አለች። ገለጥኩ። ከላይ የመጀመሪያው ቃል boat።
ድምፁ ደግሞ የአሮጊት አይደለም። ቀጭን፣ የልጃገረድ።
ማቴ እስኪመጣ ጎረቤት ቤት ተቀመጥኩ። ለምን እንደመጣሁ አልተናገርኩም። ምን ልበል?

ኅዳር 8
ማቴ ራሱ ሰማ። ላንቴ መንደር ሙዝ ሲያስጭን ውሎ ገባ፤ እኔ እያነበብኩ፣ እሷ እየቀደመችኝ። በር ላይ ደርቆ ቀረ።
በኋላ ነገረኝ። ታናሽ እህቱ ምሕረት፣ ሳንጋባ በፊት ኩልፎ ወንዝ የወሰዳት። ለክረምት ትምህርት ስትወርድ ነው፤ ሬሳዋ አልተገኘም። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው፣ በዚህ መጽሐፍ ትማር እንደነበር። እናትየው ጥጥ ስትፈትል እሷ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ጮክ እያለች ታነባለች። boat ን «ቦ-አት» የምትለው ምሕረት ነበረች። ማቴ ይስቅባት ነበር። እማ ዝም ያለችው ከዚያ ወዲህ ነው።
በቃ፣ በጆሮዋ ሸምድዳዋለች ማለት ነው። ቀለል አለኝ።
ድምፁስ? አልኩት። መጽሐፉን አስቀምጪው ብቻ አለ።

ኅዳር 11
አስቀመጥኩት። እማ መብላት ተወች። ያጎረስኳትን ትተፋለች።
ኃላፊዋ ቀኑን አስቀድማ ዛሬ አስነበበችኝ። ሌላው ሁሉ ተሳካ። boat ጋ ስደርስ ከአፌ የወጣው «ቦ-አት»። አውቃለሁ እኮ! ቦት ነው፣ ቦት። ኃላፊዋ ሳቀች፣ ሥራሽን ቀጥዪ አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መንገዱን ሙሉ ግን አፌን በነጠላ ሸፍኜ ተመለስኩ።

ኅዳር 13
እማ ከስታለች። ማቴን ሳላማክር መጽሐፉን አወጣሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ፣ አንድ መስመር፣ አንድ ጉርሻ። እየቀደመችኝ በላች! ማቴ ገባ፤ አልተቆጣም፣ በር ላይ ቆሞ ሰማ።
igh ጋ ደረስን። light። ጠበቅኩ። ዝም።
ምሕረት እስከዚህ ነው የደረሰችው አለ ማቴ፣ በሹክሹክታ።
ያኔ መጋረጃው ተነቃነቀ። እማ ከግድግዳው ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። የቀሚሴን ጫፍ ያዘች፣ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። በጋሞኛ፣ በራሷ ድምፅ፣
«ምሕረቴ፣ ልብስሽ ደረቀልሽ ወይ?»
ማቴ ከበሩ ራሱን ነቀነቀብኝ። እንዳትመልሺ። እሷ ጨርቁን አልለቀቀችም።
«ደርቋል፣ እማ» አልኩ።
ማቴ ወጣ። እስካሁን ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ይቆጣ ያለቅስ አላውቅም። እማ ተኝታለች፤ ዛሬ ፊቷ ወደ እኔ ነው።
ወስኛለሁ፣ ማስታወሻዬ። ነገ ከ light ቀጥዬ አነብላታለሁ። በዚያ ስም ስትጠራኝም አቤት እላለሁ።