ደረጃ ላይ ከሚማረው ክፍል፣ ሪባን ለታሰረበት ሊፍት ባለቤት

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ ጉልበትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቢሮዎ ምድር ቤት በመሆኑ ጉልበትዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኛም፣ አራተኛ ፎቅ ተመድበን አንደኛ ፎቅ ሳንደርስ የምንማረው የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተመራቂዎች፣ በጣም ደህና ነን። ይህን የምጽፍልዎ የክፍሉ ተጠሪ ነኝ፤ የተመረጥኩትም በምርጫው ቀን ስለቀረሁ ነው።

ደብዳቤዬ ቅሬታ እንዳይመስልብኝ ምስጋናውን ላስቀድም። በሕንፃችን ያስተከሉልን ሊፍት እጅግ ያምራል። በሩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ሙዚቃ አለው፣ ቆሞ እንዳይበላሽ ተብሎም ጠዋት ጠዋት ባዶውን ሲወጣና ሲወርድ ስናየው አንጀታችን ይርሳል። በሩ ላይ የታሰረውን ቀይ ሪባን የክብር እንግዳው መጥተው እስኪቆርጡት ድረስ ማንም ዝር እንዳይል ታዟል፤ የክብር እንግዳውም ዛሬ ነገ እየተባሉ ይኸው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ነው። በዚህ መሐል የተከሰቱ ጥቂት ጥቃቅን ነገሮችን፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ እየሰጋሁ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ መምህራችንን ይመለከታል። መልስ በሰጠን ቁጥር «ለምን?» ስለሚሉን «ጋሼ ለምን» የምንላቸው እኚህ አንጋፋ ሰው የቀኝ ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ሐኪማቸውም ደረጃ እርም ይበሉ ብሏቸዋል። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን የብረቱን ድጋፍ ይዘው እስከ መጀመሪያው የደረጃ ማረፊያ ወጡና ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ላይ ይቀጥላሉ ብለን ስንጠብቅ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ግድግዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ መማሪያ ክፍላችን ደረጃው ነው፤ እሳቸው ማረፊያው ላይ፣ እኛ ከበላያቸው በየእርከኑ እንደ ኳስ ተመልካች ተደርድረን እንማራለን። ወደ ሌላ ክፍል የሚሄዱ ተማሪዎች «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» እያሉ በማባዣና በማካፈያ መሐል ይሻገራሉ። የጽዳት ሠራተኛዋም እርጥብ ጨርቋን ይዛ ከጎን ትቆምና «ጥያቄ ያለው ካለ ቶሎ ይጠይቅና ልወልውልበት» ትለናለች። እውነቱን ለመናገር በዚህ ዩኒቨርሲቲ የማይንዛዛ ትምህርት የተማርነው ለእሷ ምስጋና ይግባትና በዚህ ግድግዳ ብቻ ነው።

፪ኛ፦ ለሪባኑ ጥበቃ መመደብዎን እናደንቃለን። ይህ ወንድማችን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሪባኑን ከንፋስ፣ ከአቧራና ከእኛ ሲከላከል ይውላል። መምህራችንን አንዴ ብቻ በሊፍቱ ያሳፍርልን ዘንድ ደጅ ብንጠናው፣ «በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ አወጣቸው ነበር፤ ግን ሪባኑ ከተቆረጠ የእኔም እንጀራ ይቆረጣል» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ስለዚህ እሱን ማስቸገር ትተን እርስዎን ማስቸገር ጀመርን።

፫ኛ፦ ምድር ቤት ክፍል ይቀየርልን ብለን አመልክተን ነበር። ክፍሎቹ በሙሉ ለሊፍቱ ምርቃት በተገዙ ወንበሮች እንደተያዙ ተነገረን። ወንበሮቹ እያንዳንዳቸው አራት ጤነኛ እግር ይዘው ምድር ቤት፣ መምህራችን አንድ ጤነኛ እግር ይዘው አራተኛ ፎቅ የተመደቡበትን ጥበብ፣ ሒሳብ ተምረንም ልንደርስበት አልቻልንም።

፬ኛ፦ ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ የወጣው ማስታወቂያ ነው። መምህሩ «ከተመደበላቸው ክፍል ውጭ በማስተማራቸው»፣ ዓርብ ጠዋት የሚሰጠውን የማጠቃለያ ፈተና አራተኛ ፎቅ በሚገኘው ክፍል ራሳቸው በአካል ተገኝተው ካልሰጡ፣ ትምህርቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል ይላል። በዚህም መሠረት እኛ አንመረቅም፣ እሳቸውም ይሰናበታሉ። ሊፍቱን የከለከለውም፣ ሽቅብ ይውጡ ያለውም ያው አንድ ቢሮ ነው፤ ማኅተሙም ያው አንድ ማኅተም ነው።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለአፍታ ልተወው። መምህራችን ማስታወቂያውን አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ የተጠረገውን መልሰው ጠረጉት። በጣም አዘንኩ። ጉልበታቸው የማያማቸው አንዳንድ መምህራን አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ ለመገኘታቸው ፈርመው፣ አንድ ቃል ሳያስተምሩን ወርደዋል፤ በክፍላቸው ተገኝተዋልና አንዳቸውም አልተጠየቁም። እኚህ ሰው ግን እያነከሱ መጥተው፣ አንድም ቀን ሳይቀሩ፣ ያልገባው ተማሪ እስኪገባው ድረስ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው አስተምረውናል። በወንበር ተሸክመን እናውጣዎት ብንላቸው እንኳ «ስሞት ትሸከሙኛላችሁ፤ አሁን ቁጥር አራትን ሥሩ» አሉን። ቁጥር አራትንም ሠራን።

ስለሆነም በትሕትና የምንለምነው ቀላል ነገር ነው። የክብር እንግዳው ከዓርብ በፊት ይምጡልን፤ ካልተመቻቸው ፈተናው ወደ ታች ይውረድልን፤ እሱም ካልሆነ ከመካከላችን አንዱን ለአንድ ጠዋት የክብር እንግዳ አድርገው ይሹሙልን። ከረባት እንዋሳለን፣ ንግግሩንም እናሳጥራለን። መቀስ ግን ከእርስዎ።

ለሊፍቱ ውበት፣ ለሪባኑ ደህንነት፣ ለወንበሮቹም ምቾት ሌት ተቀን ለሚያስቡት ክቡርነትዎ ያለንን ወደር የለሽ አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ እንዲደርስ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ከማረፊያው በላይ ስድስተኛው እርከን ላይ የምቀመጠው የክፍል ተጠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለቢሮዎ አስገብተን መልስ ስንጠብቅ ዓርብ ደረሰ፤ ስለዚህ ለሕዝብ ከመለጠፋችን በፊት ይህችን ልጨምር። ዛሬ ጠዋት መምህራችን የመጀመሪያውን እርከን ሊረግጡ ሲሉ ጥበቃው ከወንበሩ ተነሣና «እኔ የተረከብኩት ሪባኑን ነው፤ ፈትቼ በእጄ ብይዘውም እየጠበቅኩት ነው» አለ። ፈታው፤ በሁለት እጁ አክብሮ ይዞ ቆመ፤ መምህራችንም ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ሴሚስተሩን ሙሉ የእሳቸው የተባለውን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ጥቁር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱትና «ሰፊ ነው» አሉ። ከዚያ ዞረው ፈተናውን አደሉን፤ እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነበብኩት ዓይኔን ጠርጌ ነው። ጥበቃውን ለመቅጣት ካሰቡ ሪባኑ አንድ ክር እንኳ እንዳልጎደለው ይመልከቱልን፤ መልሶ አስሮታል፣ ትንሽ ተጨማድዶ ሊሆን ይችላል። የክብር እንግዳውም በፈለጉት ዓመት ይምጡ። ሲሳፈሩ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው እንደሆኑ አድርገን እናጨበጭብላቸዋለን።